አህያን ካላመመው ለምን እንመታዋለን?

ለከተማው የገበያና የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች፣
ለእህል ነጋዴዎች፣
በአህያ ጀርባ የመጣ ጤፍ ለምንበላ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ኩንታልና ስለ ገጣባ

ጤና ይስጥልኝ።

የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የእህል ነጋዴ ቤት ልጅ ነኝ። አሁን ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክ አስተምራለሁ። እህልና ሎጂክን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ያገናኛቸው አህያ ነው።

ከልጅነቴ ልጀምር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ትምህርት ገና አልተከፈተም። መርካቶ እህል በረንዳ፣ አጎቴ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደ ትልቅ ሰው ጆንያ እቆጥራለሁ። አህዮቹ ሌሊት ተነስተው የመጡ ናቸው። አንዱን በመልኩ ዳለቻ እንለዋለን። ጭነቱ ወረደለት። ከጭነቱ ሥር ታጥፎ የተነጠፈው ጆንያ ግን አልወርድም አለ። ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ነጂው በአንድ እጁ ጋማውን ይዞ በሌላው ሳበው። ፕላስተር ከፀጉራም ክንድ ላይ ሲላጥ የሚሰማውን ድምፅ አስቡት። ከሥሩ መዳፍ የሚያክል ገጣባ ወጣ። ጠርዙ ነጥቷል፣ መሀሉ ቀልቶ ያብለጨልጫል። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ዝንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወዲያው ወረረው።

ዳለቻ አላናፋም። አልተራገጠም። የጀርባው ቆዳ ብቻ አንድ ሁለቴ ተርገበገበ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ የፈሰሰውን እብቅ መልቀም ጀመረ።

«ጋሼ፣ አያመውም?» አልኩት አጎቴን።

«እየበላ አይደል እንዴ! ያመመው ይበላል? አንተ ጥርስህን ያመመህ ቀን ሽሮ እንኳ መች ቀመስክ?»

አሳመነኝ። እውነቴን ነው፣ ደህና አድርጎ አሳመነኝ። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ለጠየቅኩት ጥያቄ ማስረጃ ነው የሰጠኝ። ያመመው አይበላም፤ ይሄ ይበላል፤ ስለዚህ አላመመውም። እንዲህ ያለውን አካሄድ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ቅርፁ ትክክል ነው» ብዬ ነው የማስተምረው። ጭነቱን መልሰው ሲጭኑበት እኔም ገመዱን ይዤ አግዣለሁ።

ስህተቱ ያለው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ይሄን ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ፣ ቢሾፍቱ፣ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ቡና እየጠጣን ነው። ወሬው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ዳለቻን አነሳሁበት። ሐኪሙ ሳቀና «አህያ እያመመውም ይበላል» አለኝ። አንዳንዴ ሆዱን ክፉኛ ታሞ እንኳ የሚበላ ይመስላል፣ አፉን ድርቆሽ ውስጥ ከትቶ ይቆማል። ለምን? ጅብና አንበሳ ባሉበት አገር የኖረ እንስሳ ነው። ያነከሰ፣ የጮኸ፣ ከመንጋው ወደ ኋላ የቀረ መጀመሪያ ይበላል። ስለዚህ ሕመሙን መደበቅ ይችልበታል። ፈረስ ሲያመው ይንከባለላል፣ መሬት ይጎደፍራል፣ ሰው ያስቸግራል። አህያ ዝም ይላል። ሐኪም ሕመሙን የሚያየው በጆሮው አጣጣል፣ በዓይኑ ዙሪያ መጨማደድ፣ በአፉ መጨምደድ፣ በራሱ መድፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች የፈረስን ፊት አይቶ ሕመሙን የሚለካ ሠንጠረዥ አወጡ። ኋላ ለአህያም የራሱ ተሠራለት።

የዳለቻ ጆሮ ወደ ኋላ ሲጣል አይቼ ነበር። ቆዳው ሲርገበገብ አይቻለሁ። ማስረጃው ፊቴ ነበር። ማንበብ አላወቅኩበትም።

ይሄ የአህያ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታል ውስጥ አራስ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ሐኪሞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ልጅ የወለዱም ናቸው። ግን «የአራስ ነርቭ ገና ስላልበሰለ ሕመም አይሰማውም፣ ቢሰማውም አያስታውሰውም» የሚል ትምህርት ነበራቸው። አራስ ደግሞ ተነስቶ «ኧረ ያማል!» አይልም። በ1987 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአራስም ማደንዘዣ ይገባል ብሎ መግለጫ እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ በየቦታው እንደ ልማድ ሲሠራበት ቆየ። የራሳችን ልጅ ላይ እንዲህ ከተሳሳትን፣ አህያ ላይ አንሳሳትም ብሎ የሚማልልኝ ማነው?

አሁን ወደ ክፍሌ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት ስለ አንድ የታወቀ የአስተሳሰብ ስህተት እያስተማርኩ ነው። አለመረጋገጡን እንደ ማስረጃ የመቁጠር ስህተት። ምሳሌ ፈልጌ የአጎቴን አህያ አመጣሁት። «አህያ ሕመም እንደሚሰማው ማንም አላረጋገጠም፤ ስለዚህ አይሰማውም» ብዬ ጻፍኩ። ከፊት የተቀመጠ ጎበዝ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እርስዎስ እንዴት ያውቃሉ? አህያ ሆነው አያውቁ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። ስለ ሌላ ነፍስ ምን ማወቅ እንችላለን? ፈላስፎች ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ነው። ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ፊት፣ ስለ ነርቭ አንድ አሥር ደቂቃ ተንተባተብኩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ገጠር ያደገች፣ እጇንም ሳታወጣ፣ «ካላመመው ለምን ይመታል?» አለች።

ጸጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አስቡት እስቲ። ዱላ የያዘ ሰው ስለ አህያ ሕመም ጥርጣሬ የለውም። ድንጋይ ቢሄድለት ብሎ የሚመታ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጋሪውን ጎማስ? የሚመታው የሚሰማው ነው። ነጂ ደግሞ የት ቢመታ ይበልጥ እንደሚሰማው ጠንቅቆ ያውቃል። ቅልጥሙ ላይ፣ ጭራው ሥር። የባሰበት ደግሞ የበትሩን ጫፍ ገጣባው ላይ ይሰድደዋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የምንለው ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዳገት ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ሁለት እምነት አለን ማለት ነው። ስንጭን «አይሰማውም»። ስንነዳ «ይሰማዋል»። አንዱ አፍ ነው ሁለቱንም የሚናገረው፣ አንዳንዴም በአንድ ጠዋት። የትኛውን መቼ እንደምናምን የሚወስነው ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የሚወስነው የሚጠቅመን ነገር ነው። ይሄ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። አለማወቅ ይማሩታል፤ ጥቅም ያመጣው እምነት ግን ትምህርት አይገባውም።

በ1877 እ.ኤ.አ. ዊልያም ክሊፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብና የፍልስፍና ሰው አንድ ምሳሌ ጽፏል። አንድ ባለ መርከብ አሮጌ መርከቡን ስደተኞች አሳፍሮ ሊልክ ነው። መጠገን እንዳለባት ልቡ ይጠረጥራል። ጥገናው ግን ገንዘብ ነው። እናም ራሱን ያባብላል፦ ስንት ጊዜ ሄዳ ተመልሳ የለ? ስንት ማዕበል ችላ የለ? እግዜርስ እነዚህን ምስኪኖች ይጥላቸዋል? ቀስ በቀስ ከልቡ አመነ። መርከቧ ሰጠመች። እሱም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ተቀበለ። ክሊፎርድ የሚለው፣ ሰውዬው ከልቡ ማመኑ ከጥፋት አያድነውም ነው። ባለው ማስረጃ እንደዚያ የማመን መብት አልነበረውም። ደግሞ ይቀጥላል፦ መርከቧ በሰላም ብትደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው።

«ስንት ጊዜ ጭኖ መጥቶ የለ?» ይሄን ቃል በቃል እህል በረንዳ ሰምቼዋለሁ። ከአጎቴም፣ ባለፈው ጥቅምት ስሄድ ደግሞ ከሌላ ነጋዴ።

ፍርድ ቤት ውስጥ «የማስረዳት ሸክም» የሚባል ነገር አለ። ማን ነው ማስረዳት ያለበት? እስከ ዛሬ ይሄንንም ሸክም አህያው ላይ ጭነነዋል። ሕመሙን ያስረዳ፣ ያለዚያ ጭነቱን ይሸከም። እኔ የምለው ይገልበጥ ነው። በእምነቱ የሚጠቀመው ያስረዳ። ስህተቱንም አስሉት። እኔ ከተሳሳትኩ፣ አህያ ምንም የማይሰማው ከሆነ፣ የጠፋው አንድ ተጨማሪ ምልልስና ጥቂት ብር ነው። እናንተ ከተሳሳታችሁ የጠፋው የአንድ ፍጥረት ሙሉ ዕድሜ ነው። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብዙ ሳይንቲስቶችና ፈላስፎች የፈረሙበት መግለጫም ወደዚሁ ነው የሚያደላው። አጥቢ እንስሳትና ወፎች የሚሰማቸው ነገር እንዳለ ጠንካራ የሳይንስ ድጋፍ አለ ይላል። እርግጠኛ ባልሆንባቸው ፍጥረታትም ቢሆን፣ እውነተኛ ዕድል ካለ ዕድሉን ችላ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ነው ይላል። ስለ አሳና ስለ ሸርጣን ይከራከሩ። አህያ ግን ከክርክሩ ወጥቷል።

«የእንስሳ ነፍስ እኮ ደመ ነፍስ ናት» ያሉኝ ሽማግሌ አሉ። እውነት ነው፣ የአባቶች ትምህርት የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይላታል። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም። ለአህያ ይሄ አልተሰጠውም። እሺ። ግን አያችሁ ምን እንዳልተነፈገ? ነባቢት አይደለችም ማለት አይሰማትም ማለት አይደለም። መናገር አለመቻሉን ነው የነገሩን እንጂ የሚናገረው የለውም አላሉንም። እንዲያውም በኦሪት ዘኍልቍ የበለዓም አህያ አንዴ አንደበት ሲሰጣት መጀመሪያ የጠየቀችው ምን በደልኩህና ሦስት ጊዜ መታኸኝ ብላ ነው። ነቢይ የተባለው ያላየውን መልአክ ያየችውም እሷ ናት። አብሮኝ የሚያስተምር ሙስሊም ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው የራሱን አመጣልኝ። ነቢዩ ፊቱ ላይ በእሳት የተተኮሰ አህያ አይተው ያንን ያደረገውን ረግመዋል፤ በሐዲስ ተጽፏል። እህል በረንዳ ሁለቱም ሃይማኖት ጠዋት ጠዋት ይሰበካል። ጭነቱ ግን አልቀነሰም።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ጊዜ መዘጋቱን ታስታውሳላችሁ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ማረድን በመላው አህጉር አገደ። ሁለቱም ደስ ብሎኛል። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ያኔ የተቆጣነው አህያ ሲታረድ ነው። ያው አህያ በሕይወት እያለ ጀርባው ተልጦ በፊታችን ሲያልፍ መኪናችን እንዳይጫር ነው የምንሳቀቀው። ከ8 ሚሊዮን በላይ አህያ ይዘን በዓለም ግንባር ቀደሞቹ ነን። ስድባችንም እሱ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። ባለፈው ጥቅምት እህል በረንዳ ስሄድ አንድ ነጂ ልጅ አነጋገርኩ። አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ስለ አህያዎቹ ጀርባ ስጠይቀው እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ትከሻውን አሳየኝ። የገመድ ጠባሳ። «ጋሼ፣ እኔንስ ማን አየኝ?» አለ። በምልልስ ነው የሚከፈለው። ግማሽ ቢጭን ግማሽ ይከፈለዋል። ነጋዴው «ኩንታል ካልጫንክ ሂድ፣ ሌላ ሞልቷል» ይለዋል። ይሄን ልጅ ስለ አህያ መብት ልስበከው? አፈርኩ። መልስ አልነበረኝም፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስም አልመጣልኝም።

መልሱ የመጣልኝ ስለ ኩንታሉ ሳስብ ነው። ለምን 100 ኪሎ? የሀገራችን አህያ ራሱ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ጭነት ከክብደቱ ሲሶ እንዳያልፍ ነው ሐኪሞች የሚመክሩት። አህያውን ራሱን የሚያክል ጆንያ ጀርባው ላይ እንቆልላለን ማለት ነው። ያንኑ ጆንያ መጋዘን በር ላይ የሚቀበለው ደግሞ ኩሊ ነው፤ በአንገቱ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ በሥራ ላይ ከ55 ኪሎ በላይ ባይሸከም ይላል። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ይታሸጋል፣ ማንም አልሞተም። የጤፍ ጆንያ ብቻ ነው ሰውንም አህያንም እኩል የሚሰብረው። ስለዚህ የልጁ ትከሻና የዳለቻ ጀርባ ተፎካካሪ አይደሉም። አንድ ጆንያ ነው ሁለቱንም የላጣቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው።

እህል ወደ ከተማ ገበያ ሲገባ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሁን። 50 ኪሎም ለአንዳንዱ አህያ ይበዛል፣ አውቃለሁ። ከ100 ግን ይሻላል። የሚቀረውን ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተመካክራችሁ በኪሎ ወስኑት። ሞጆ ላይ፣ አዋሽ ላይ ለከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ አለን። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ይቆማል። ለምን? አስፋልቱ እንዳይጎዳ። አስፋልት ሕመም ይሰማዋል ብሎ የሚከራከር የለም። ለአስፋልቱ ያሰብነውን ያህል ለአህያውም እናስብ ነው የምላችሁ፤ ገበያው በር ላይ አንድ ሚዛንና አንድ ሰው። ሰውየው ንጣፉን ገልጦ ጀርባውን ይይ። ገጣባ ያለው አህያ እስኪድን አይጫን።

ቅጣቱ ነጂው ላይ አይሁን፤ ይሄን ደግሜ እላለሁ። የጭነቱ ባለቤት ይክፈል። ነጂው ላይ ከሆነ ያ ልጅ የፖሊስ ሲሳይ ይሆናል፣ ኩንታሉም በሌላ በር ይገባል።

ነጋዴዎች ሆይ፣ እናንተን የምጠይቃችሁ ከዚህ ያነሰ ነው። ክፍያውን በምልልስ ሳይሆን በኪሎ አድርጉት። ከጭነቱ ሥር ለሚነጠፈው ደግሞ ፕላስቲክ ማዳበሪያ ተዉ። ወፈር ያለ፣ ላብ የሚመጥ፣ አከርካሪው ላይ የማያርፍ፣ ክብደቱን ግራና ቀኝ የሚያካፍል ነገር ይሁን። በገለባ የተሞላ አሮጌ ብርድ ልብስም ይሠራል። የናይሎን ገመድ ቆዳ ይቆርጣል። ዋጋው ስንት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

«አንተስ ሥጋ አትበላም?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቤቴም ተጠይቄያለሁ። እበላለሁ። ፋሲካ ላይ ቅርጫ እገባለሁ። ስለ ዶሮዋም ስለ በሬውም ራሴን ስጠይቅ ጥሩ መልስ የለኝም፣ ገና እያሰብኩበት ነው። ያንን እስክጨርስ ግን ዳለቻ ቆሞ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም።

አጎቴ አሁን አርጅቷል፣ መጋዘኑንም ትቶታል። ይሄን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አነበብኩለት። ሐኪሙ ያለኝ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«እየበላም ያመዋል?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም አለ። ቆየና «የዚያን ጊዜ ሐኪም የት ነበር?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱ፣ «ጆሮውንስ እንደሚጥል አውቅ ነበር» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የእህል ነጋዴ ቤት ልጅ፣ የሎጂክ መምህር